ፖላሪሜትሩ የሚያውቀውና የማያውቀው

የእንስሳት መድኃኒት ቤት ገብታችሁ ለበግ የትል መድኃኒት ብትጠይቁ ቴትራሚሶል ሊሰጣችሁ ይችላል። ሌላ ቦታ ደግሞ ሌቫሚሶል። የሁለቱን መመሪያ ጎን ለጎን አስቀምጣችሁ መጠኑን ተመልከቱ። ለበግ የተለመደው የቴትራሚሶል መጠን በኪሎ ክብደት 15 ሚሊግራም ነው። የሌቫሚሶል 7.5 ሚሊግራም። ልክ ግማሹ።

ይህ እንዲያው የመጣ ቁጥር አይደለም። ቴትራሚሶል የሁለት ሞለኪውሎች እኩል ድብልቅ ነው። ሁለቱ በአተሞቻቸው ዓይነትና ብዛት አንድ ናቸው። የትኛው አተም ከየትኛው ጋር እንደተያያዘም አንድ ነው። የሚለያዩት ቀኝ እጅ ከግራ እጅ እንደሚለየው ነው። አንዱ የሌላው የመስታወት ምስል ነው፤ ግን አንዱን በሌላው ላይ ብትደርቡት አይገጥምም። ኬሚስቶች ኢናንቲዮመር ይሏቸዋል። እኩል ለእኩል ሲደባለቁ ደግሞ ራሲሜት። አንዱ ኤስ፣ ሌላው አር ይባላል። ትሉን ሽባ የሚያደርገው በዋናነት ኤስ የሚባለው ነው፤ ሌቫሚሶል ይኸው ኤስ ብቻውን ሲሆን ነው። 15 ሚሊግራም ቴትራሚሶል ውስጥ ያለው ኤስ 7.5 ሚሊግራም ነው። ሂሳቡ ይገጥማል።

እኔ የምሠራው የመድኃኒት ጥራት መመርመሪያ ላብራቶሪ ውስጥ ነው። በየዓመቱ ከዩኒቨርሲቲ ለልምምድ የሚመጡ ልጆች አሉ። ኦርጋኒክ ኬሚስትሪ ወስደው፣ ፈተናውንም አልፈው ነው የሚመጡት። ኦፕቲካል ሮቴሽን (የብርሃን መዞር) ምንድን ነው ስላቸው ቀመሩን አንድም ሳያዛንፉ ይነግሩኛል። ይህን መዞር የሚለካው ፖላሪሜትር ፊት ሲቆሙ ግን ማሽኑ ላይ የወጣውን ቁጥር እንደ ፍርድ ቤት ውሳኔ ይቀበሉታል። ይህን ጽሑፍ ያስጀመረኝ ይኸው ነው። ፖላሪሜትር በጣም ጥሩ አድርጎ የሚመልሰው ጥያቄ አለ። ጭራሽ የማይመልሰውም አለ። ሳምፕሉን ወደ ቱቦው ከመጨመራችን በፊት የትኛውን እየጠየቅን እንደሆነ ማወቅ አለብን።

ከብርሃኑ እንጀምር። ከአምፖል የሚወጣ ብርሃን በሁሉም አቅጣጫ ይርገበገባል። ፖላራይዘር በሚባለው ማጣሪያ ሲያልፍ በአንድ አቅጣጫ ብቻ የሚርገበገበው ይቀራል። ይህን ብርሃን በስኳር ውኃ ውስጥ አሳልፉት። ሲወጣ የሚርገበገብበት አቅጣጫ ዞሮ ታገኙታላችሁ። በሌላኛው ጫፍ ሁለተኛ ማጣሪያ አስቀምጣችሁ ስንት ዲግሪ እንደዞረ ትለካላችሁ። ፖላሪሜትር በመሠረቱ ይኸው ነው። በሚያየው ሰው በኩል በሰዓት አቅጣጫ ከዞረ ምልክቱ ፕላስ፣ በተቃራኒው ከሆነ ማይነስ ነው።

ለምን ይዞራል? እዚህ ላይ ትንሽ ልቆይ፤ ብዙ መማሪያ መጽሐፍ በአንድ ዓረፍተ ነገር ይዘለዋልና። አንድን ነጠላ ሞለኪውል ብቻ ብናይ፣ ካይራል (ከመስታወት ምስሉ ጋር የማይገጥም) ሆነም አልሆነ፣ ብርሃኑን ትንሽ ሊያዞረው ይችላል። ስንት ያህል የሚለው ሞለኪውሉ በዚያች ቅጽበት ፊቱን ወዴት እንዳዞረ ይወሰናል። ሶሉሽን ውስጥ ደግሞ ቁጥር ስፍር የሌላቸው ሞለኪውሎች በሁሉም አቅጣጫ ይገለባበጣሉ። እንደ ኢታኖል ያለ ካይራል ያልሆነ ሞለኪውል ከሆነ፣ በአንድ አቅጣጫ ለቆመው ሞለኪውል ሁሉ የእሱ የመስታወት ምስል ሆኖ የቆመ ሌላ ይገኛል። ያኛው ወደ ቀኝ ያዞረውን ይኼኛው ወደ ግራ ይመልሰዋል። ድምሩ ዜሮ ነው። ሌቫሚሶል ግን ምንም ያህል ቢገለባበጥ የራሱ የመስታወት ምስል መሆን አይችልም። ያዞረውን የሚመልስለት ጓደኛ እዚያ ውስጥ የለም። ስለዚህ መዞሩ ይጠራቀማል። ቴትራሚሶል ውስጥ ጓደኛው አለ፤ እኩልም ነው። ንባቡ ዜሮ ይሆናል።

ነገሩን በፈሳሽ ውስጥ መጀመሪያ ያየው ፈረንሳዊው ዣን ባፕቲስት ቢዮ ነው፤ እ.ኤ.አ. በ1815። ተርፐንታይን ብርሃኑን ሲያዞረው አየ። ከዚያ በፊት ኳርትዝ ክሪስታል እንደሚያዞር ይታወቅ ነበር። ግን ክሪስታል ድርድር አለው፤ የድርድሩ ጉዳይ ነው ሊባል ይችላል። ፈሳሽ ድርድር የለውም። ስለዚህ ምክንያቱ ሞለኪውሉ ራሱ ውስጥ መሆን ነበረበት። ሞለኪውል ምን እንደሚመስል ማንም በማያውቅበት ዘመን እዚህ ድምዳሜ ላይ መድረስ ትልቅ ነገር ነው።

ቀጥሎ ያለውን ታሪክ ደጋግሜ ብናገረው አይሰለቸኝም። ከወይን ጠጅ በርሜል የሚገኘው ታርታሪክ አሲድ ብርሃንን ወደ ቀኝ ያዞራል። ሌላ፣ በቅንብሩ ከእሱ የማይለይ አሲድ ነበር፤ እሱ ግን አያዞርም። በ1848 ፓሪስ ውስጥ የ25 ዓመቱ ሉዊ ፓስተር የዚህን የማያዞረውን አሲድ የሶዲየም አሞኒየም ጨው ክሪስታሎች በጥሞና ተመለከተ። ሁለት ዓይነት ነበሩ። የጠርዛቸው ዝንባሌ አንዳንዶቹ ላይ ወደ ቀኝ፣ ሌሎቹ ላይ ወደ ግራ ነው። በወረንጦ አንድ በአንድ ለያቸው። ለየብቻ ሲያሟሟቸው አንደኛው ክምር ብርሃኑን ወደ ቀኝ፣ ሌላኛው በዚያው መጠን ወደ ግራ አዞረ። ሲደባለቁ ዜሮ።

ቢዮ ያን ጊዜ ከሰባ ዓመት በላይ የሆናቸው አዛውንት ነበሩ። ወሬውን ሲሰሙ ዝም ብለው አላመኑም። ፓስተርን አስጠሩትና በራሳቸው ኬሚካል፣ ዓይናቸው እያየ እንዲያዘጋጀው አደረጉ። ሶሉሽኑ እሳቸው ዘንድ ቆይቶ ክሪስታል ሲሠራ ፓስተር ለያቸው። ቢዮ መጀመሪያ ቱቦው ውስጥ የጨመሩት አዲሱን ነገር፣ ወደ ግራ ያዞራል የተባለውን ነው። አዩት። የወጣቱን ክንድ ያዝ አድርገው፣ «ልጄ፣ ዕድሜዬን ሙሉ ሳይንስን እጅግ ስለምወድ ይህ ልቤን አስመታው» አሉት። እኔ ከመገረማቸው በላይ መጠራጠራቸውን እወደዋለሁ። የራሳቸውን ኬሚካል ባይጠቀሙ ኖሮ ያ ንባብ ለሌላ ሰው ማስረጃ አይሆንም ነበር። (የአየሩ ጠባይም ረድቷል። ይህ ጨው ሁለቱን ለየብቻ ክሪስታል የሚያደርገው ከ27 ዲግሪ ገደማ በታች ሲሆን ብቻ ነው።)

አሁን ወደ ቁጥሩ። ማሽኑ የሚያሳየው ዲግሪ በብዙ ነገር ይወሰናል። ቱቦው ሲረዝም ንባቡ ይጨምራል። ሶሉሽኑ ሲወፍርም ይጨምራል። ስለዚህ ለማነጻጸር እንዲመች ንባቡን ለቱቦው ርዝመት በዴሲሜትር፣ ከዚያም ለኮንሰንትሬሽኑ በግራም በሚሊሊትር እናካፍለዋለን። የሚወጣው ስፔሲፊክ ሮቴሽን ይባላል። ይህም ቢሆን በብርሃኑ ቀለም፣ በሙቀቱና በሶልቨንቱ (በማሟሟያው ፈሳሽ) ይለወጣል። ለዚህ ነው ብዙውን ጊዜ 589 ናኖ ሜትር ላይ ያለው የሶዲየም ቢጫ ብርሃን የሚመረጠው።

ይህን ስሌት በአገራችን ከማንም በላይ የኖሩበት የስኳር ፋብሪካ ላብራቶሪዎች ናቸው ብዬ አስባለሁ። ወንጂ እ.ኤ.አ. በ1954 ሥራ የጀመረ ፋብሪካ ነው። የስኳር ኬሚስት 26 ግራም ስኳር በ100 ሚሊሊትር አሟሙቶ በ20 ሴንቲሜትር ቱቦ ያነባል። የሱክሮስ ስፔሲፊክ ሮቴሽን ፕላስ 66.5 ስለሆነ ንጹሕ ስኳር 34.6 ዲግሪ ገደማ ይሰጣል። ይህን መቶ ብለው ይነሱና የሸንኮራውን ጭማቂ ከእሱ አንጻር ይለካሉ። ፖል የሚሉት ይኸው ነው። ልብ በሉ፤ እነሱ የሚጠይቁት «ስኳሩ ምን ያህል ነው?» ብለው ነው። ሸንኮራ አገዳ የሚሠራው ሱክሮስ ሁልጊዜ አንድ ዓይነት ነው፤ የመስታወት ምስሉን አይሠራም። ስለዚህ የዞረው ዲግሪ መጠኑን ይነግራቸዋል። እኛ መድኃኒት የምንመረምረው ደግሞ መጠኑን አስቀድመን አውቀን «ከየትኛው ኢናንቲዮመር ስንት አለ?» እንላለን። አንዱ ቀመር ሁለቱን ጥያቄ በአንድ ጊዜ አይመልስም። ብዙው ግራ መጋባት የሚጀምረው እዚህ ነው።

ወደ ሌቫሚሶል ልመለስ። የሌቫሚሶል ሃይድሮክሎራይድ ስፔሲፊክ ሮቴሽን በውኃ ውስጥ ከማይነስ 120 እስከ ማይነስ 128 እንዲሆን ይጠበቃል። መሃሉን፣ ማይነስ 124ን እንያዝ። 5 ግራሙን በ100 ሚሊሊትር አሟሙተን በ10 ሴንቲሜትር ቱቦ ብናነብ ማይነስ 6.2 ዲግሪ መውጣት አለበት። በሌቫሚሶል ስም የተሸጠው ነገር ቴትራሚሶል ከሆነ ግን ዜሮ ይወጣል። በስድስት ዲግሪና በዜሮ መካከል ያለውን ልዩነት የድሮው በእጅ የሚዞር ፖላሪሜትር እንኳ ያለ ምንም ችግር ያየዋል። በየላቡ ያለው ተራው የሲ-18 ኮለም ያለበት ኤችፒኤልሲ (ድብልቅን ኮለም በሚባል ቱቦ አሳልፎ በየተራ የሚያወጣ ማሽን) ግን አያየውም። ሁለቱንም በተመሳሳይ ደቂቃ፣ በአንድ ፒክ (በግራፉ ላይ በአንድ ጉብታ) ያወጣቸዋል። አልትራቫዮሌት መለኪያውም እንዲሁ። ማሽኑ ምንም ያህል ውድ ቢሆን ለዚህች ጥያቄ ዓይን የለውም። ገበሬው በሌቫሚሶል መጠን ቴትራሚሶል ቢሰጥ በጉ ያገኘው የሚሠራ መድኃኒት ግማሽ ነው። ትሉ በሙሉ ላይሞት ይችላል። ደጋግሞ በትንሽ መጠን የተነካ ትል ደግሞ መድኃኒቱን መቋቋም ይለምዳል። ለዚህ ነው ይህን መሣሪያ የምወደው፤ ራሲሜት ነው ወይስ አይደለም ስትሉት ቁርጡን ይነግራችኋል።

ግን ማሽኑ ማይነስ 3.1 ቢያሳይስ?

ልጆቹን የምጠይቃቸው ይህን ነው። አብዛኞቹ ወዲያው «ኢ.ኢ. ሃምሳ በመቶ» ይላሉ። ኢናንቲዮመሪክ ኤክሰስ ማለታቸው ነው። የተነበበውን ንጹሑ መስጠት ለነበረበት አካፍለው በመቶ አባዝተውታል። ሂሳቡ ትክክል ነው። ቀጥዬ «ታዲያ ስንቱ ኤስ ነው?» እላለሁ። «እትዬ፣ ሃምሳ በመቶ ከሆነ ግማሹ ነዋ!» የምትል አንዷ አትጠፋም።

ግማሽ ቢሆን ኖሮ ራሲሜት ይሆን ነበር፤ ንባቡም ዜሮ። መቶ ሞለኪውል ውሰዱ። 75ቱ ኤስ፣ 25ቱ አር ይሁኑ። 25ቱ አር ከ25 ኤስ ጋር ይጣፋሉ። የሚያጣፋው ያጣ 50 ኤስ ይቀራል። ብርሃኑን የሚያዞረው ይህ ትርፍ ብቻ ነው። ኢ.ኢ. የሚለካው ትርፉን ነው እንጂ ድርሻውን አይደለም። ድርሻውን ለማግኘት የኢ.ኢ.ውን ግማሽ በ50 ላይ ጨምሩ። ኢ.ኢ. 90 ከሆነ 95 ለ5 ነው። ኢ.ኢ. 98 ከሆነ 99 ለ1። ይህን አንዴ በወረቀት ላይ ነጥብ እየሳለ የሠራ ተማሪ ዳግም አይሳሳትም።

እሺ፣ ማይነስ 3.1 ማለት 75 ለ25 ነው እንበል። እርግጠኛ ነን? አይደለንም። ሳምፕሉ ግማሹ ንጹሕ ሌቫሚሶል፣ ግማሹ የገበታ ጨው ቢሆንም ማይነስ 3.1 ነው። ሁለት ግራም ተኩል መዝነን አምስት ብለን ጽፈን ከሆነም ማይነስ 3.1 ነው። በ5 ሴንቲሜትር ቱቦ አንብበን ለ10 አስልተን ከሆነም ያው ነው። ፖላሪሜትሩ አራቱንም ታሪክ በአንድ ቁጥር ነው የሚነግረን። የሚለያቸው ሌላ ምርመራ ነው። ለዚህ እኛ መጀመሪያ በተራው ኤችፒኤልሲ ስንት ሌቫሚሶል አለ የሚለውን እንለካለን፤ እሱ አርና ኤስን ስለማይለይ ድምሩን በታማኝነት ይነግረናል። ድምሩን ካወቅን በኋላ ነው የፖላሪሜትሩ ንባብ ስለ ኢ.ኢ. መናገር የሚችለው። አንዱ መሣሪያ የማያየውን ሌላው ያያል።

ክኒን ከሆነ ደግሞ ሌላ ጣጣ አለ። ብዙ ክኒን ውስጥ ላክቶስ አለ። ላክቶስ ራሱ ካይራል ነው፤ ብርሃኑን ወደ ቀኝ ያዞራል፤ ስፔሲፊክ ሮቴሽኑም ከ50 በላይ ነው። ክኒኑን ፈጭቶ፣ አሟሙቶ በቀጥታ ያነበበ ሰው መድኃኒቱ ወደ ግራ የጎተተውን ላክቶሱ ወደ ቀኝ እየመለሰበት ነው። ስለዚህ መድኃኒቱን መጀመሪያ ለይቶ ማውጣት ግድ ነው። ለይታችሁ ያወጣችሁት ጨው ሳይሆን ነጻው ቤዝ (ከሃይድሮክሎሪክ አሲዱ የተላቀቀው) ከሆነ ደግሞ ማነጻጸሪያችሁም የቤዙ ቁጥር መሆን አለበት፤ የሃይድሮክሎራይዱ አይሠራም።

አሁን ፖላሪሜትር ወደሚደክምበት ቦታ እንሂድ። ናፕሮክሰን የታወቀ የሕመም ማስታገሻ ነው፤ የሚሸጠው ኤስ ብቻውን ነው። በክሎሮፎርም ውስጥ ስፔሲፊክ ሮቴሽኑ ፕላስ 66 ገደማ ነው። የአሜሪካው ፋርማኮፒያ (የመድኃኒት ጥራት መለኪያ መጽሐፍ) የሚፈቅደው ከ63.0 እስከ 68.5 ነው፤ በሚሊሊትር 10 ሚሊግራም ተሟሙቶ። በ10 ሴንቲሜትር ቱቦ ንባቡ 0.66 ዲግሪ ብቻ ይሆናል። አንድ በመቶ አር ቢገባበት ኢ.ኢ. 98 ይሆናል፤ ንባቡም 0.647። ልዩነቱ 0.013 ዲግሪ ነው። ብዙ ፖላሪሜትር ሲደጋገም የሚወዛወዘው በዚሁ አካባቢ ነው። ሁለት በመቶ አር ቢኖርበትስ? ኢ.ኢ. 96፣ ስፔሲፊክ ሮቴሽን 63.4። ያልፋል! የተቀመጠው ገደብ ውስጥ ነው። እንግዲህ ሮቴሽኑ ብቻውን «ናፕሮክሰኑ ንጹሕ ኤስ ነው» ሊል አይችልም። «ራሲሜት አይደለም፣ ከኤስ የራቀም አይደለም» ብቻ ነው የሚለው።

ትንሿን አር ለመያዝ ካይራል ኮለም ያስፈልጋል። ውስጡ ብዙውን ጊዜ ከሴሉሎስ ወይም ከአሚሎስ የተሠራ ነገር ይለበጥበታል። ሴሉሎስ ራሱ የአንድ ወገን ነው፤ ስለዚህ አንዱን ኢናንቲዮመር ከሌላው ይበልጥ አጥብቆ ይይዛል። ሁለቱ በተለያየ ደቂቃ ይወጣሉ፤ ሁለት ፒክ ታያላችሁ። የፒኮቹን የቦታ ስፋት (ኤሪያ) ልዩነት ለድምራቸው ካካፈላችሁ ኢ.ኢ. በቀጥታ ይወጣል፤ የንጹሑን ሮቴሽን ማወቅም አያስፈልግም። ኮለሙ ውድ ነው፤ የሁሉም ላብ አቅም አይደለም፤ ይህን አውቃለሁ። ካገኛችሁት ግን መጀመሪያ ራሲሜቱን አስገቡ። ሁለቱም ፒክ የት እንደሚወጣ ሳታዩ «አንድ ፒክ ብቻ ነው ያለው» ማለት ዋጋ የለውም።

ሌላው የተለመደ ግራ መጋባት የስሞቹ ነው። ናፕሮክሰን ኤስ ነው፤ ምልክቱ ፕላስ። ሌቫሚሶልም ኤስ ነው፤ ምልክቱ ማይነስ። አርና ኤስ የምንሰጠው በአተሞቹ አቀማመጥ፣ በሕግ ነው። ፕላስና ማይነስ የሚነግረን ማሽኑ ነው። በሁለቱ መካከል ቋሚ ዝምድና የለም። ናፕሮክሰኑን ወደ ሶዲየም ጨው ቀይሩትና በቀጭን ሶዲየም ሃይድሮክሳይድ ውስጥ አንብቡት። ከማይነስ 15 እስከ ማይነስ 17 ይሆናል! ሞለኪውሉ እጁን አልቀየረም፤ አሁንም ኤስ ነው። የተቀየረው ሁኔታው ብቻ ነው። የታርታሪክ አሲድ አተሞች በእውነት በየት በኩል እንደተቀመጡ የታወቀው እንኳ ፓስተር ከለያቸው ከመቶ ዓመት በላይ ቆይቶ ነው፤ በ1951 የሆላንዱ ባይፉት በኤክስሬይ ሲያሳይ።

ከሁሉም በላይ የሚያሳስበኝ ኢታምቡቶል ነው። የቲቢ መድኃኒት ነው፤ በየጤና ጣቢያው አለ። ሞለኪውሉ ሁለት ካይራል ማዕከል (ኤስ ወይም አር የሚባል አተም) አለው፤ ሁለቱ ደግሞ አንድ ዓይነት ናቸው። ስለዚህ ሦስት መልክ ይኖረዋል፦ ኤስ-ኤስ፣ አር-አር፣ እና ሜዞ የሚባለው ኤስ-አር። የቲቢውን ባክቴሪያ በደንብ የሚመታው ኤስ-ኤስ ነው፤ ሌሎቹ እጅግ ደካማ ናቸው። የሚጠበቀው ስፔሲፊክ ሮቴሽን ደግሞ ትንሽ ነው፤ በውኃ ውስጥ ከፕላስ 6.0 እስከ 6.7። 10 ግራም በ100 ሚሊሊትር አድርጋችሁ እንኳ የምታነቡት ከ0.6 ዲግሪ እምብዛም አይዘልም። ንባቡ በአንድ አሥረኛ ቢወርድ ምን ትላላችሁ? አምስት በመቶ አር-አር ሊሆን ይችላል፤ ከአምስት ኤስ-ኤስ ጋር ተጣፍቶ 90 ያስቀራል። ወይም አሥር በመቶ ሜዞ ሊሆን ይችላል፤ ሜዞ ራሱ አያዞርም፣ ቦታ ብቻ ይይዛል። ንባቡ ያው ነው። «ኢ.ኢ. ዘጠና» ብሎ መጻፍ እዚህ ላይ ትርጉም የለውም። ሦስቱን ለየብቻ የሚያሳይ ዘዴ ከሌለ ዝም ማለት ይሻላል።

ስለ ሆሮ ግኝት በአጭሩ። በ1969 አላን ሆሮ የሚባል ፈረንሳዊ ኬሚስት፣ አንድ ዳይአሲድ ክሎሮፎርም መሰል ሶልቨንት ውስጥ ሲሆን የሮቴሽኑና የኢ.ኢ.ው ዝምድና ቀጥ ያለ መስመር እንደማይሠራ አሳየ። ሞለኪውሎቹ እርስ በርስ ስለሚያያዙ ኤስ ከኤስ ጋር የሚሠራው ጥንድ ኤስ ከአር ጋር ከሚሠራው ይለያል። ካርቦክሲሊክ አሲድ በእንደዚህ ዓይነት ሶልቨንት ስታነቡ ይህን አስቡት። ብዙ ጊዜ አያጋጥምም። ሲያጋጥም ግን ማካፈሉ ብቻ ኢ.ኢ.ውን አይሰጣችሁም።

በእጅ ስለሚሠራው ደግሞ ጥቂት ልበል። ቱቦው ውስጥ አረፋ ካለ ብርሃኑ መንገድ ላይ እንዳይቆም ወደ ሰፊው ጉሮሮ አስጠጉት። የጫፉን መስታወት ከልክ በላይ አታጥብቁ፤ የተጨነቀ መስታወት ራሱ ብርሃኑን ያዛባል፤ የሌለ ሮቴሽን ታነባላችሁ። ሳምፕሉን ከማስገባታችሁ በፊት ሶልቨንቱን ብቻ አንብቡ። ግሉኮስ ከሆነ አትቸኩሉ። አልፋው አሁን ሲሟሟ ፕላስ 112 ነው፤ ቀስ እያለ ይወርድና 52.7 ላይ ይረጋል። ጠብታ አሞኒያ ያፋጥነዋል። አንድ ነገር ደግሞ አለ፤ ማሽኑ ፕላስ 50 ሲል በእውነቱ ማይነስ 130 ሊሆን ይችላል፤ ለማጣሪያው ሁለቱ አንድ ቦታ ናቸው። ጥርጣሬ ካላችሁ በእኩል ሶልቨንት አቅጥኑት። እውነተኛው 50 ከነበረ 25 ይሆናል። ማይነስ 130 ከነበረ ማይነስ 65 ይሆናል። ግልጽ ነው።

ፖላሪሜትር የሌለው ትምህርት ቤት ብዙ ነው። ለእናንተ ለመምህራን የምለው አለኝ። ኤልሲዲ ስክሪን ያለው የድሮ ስልክ የሚያወጣው ብርሃን ራሱ ፖላራይዝድ ነው። ሁለተኛ ማጣሪያ የሚሆናችሁ ፖላራይዝድ የሆነ የፀሐይ መነጽር ነው። በስክሪኑ ላይ አድርጋችሁ ስታዞሩት የሚጨልም ከሆነ እውነተኛ ነው፤ ካልጨለመ ተራ ጥቁር መስታወት ነው። ስክሪኑን ሙሉ አረንጓዴ አድርጉት። ነጭ ከሆነ እያንዳንዱ ቀለም የተለያየ ያህል ስለሚዞር የጨለማውን ነጥብ አታገኙትም። 150 ግራም ስኳር በሞቀ ውኃ አሟሙታችሁ፣ ሲቀዘቅዝ 300 ሚሊሊትር እስኪሆን ሙሉት። ታቹ ጠፍጣፋ በሆነ ብርጭቆ 10 ሴንቲሜትር ጥልቀት ድረስ ጨምሩና ስክሪኑ ላይ አስቀምጡ። በመነጽሩ ከላይ ወደ ታች እያያችሁ መነጽሩን አዙሩ። በጣም የሚጨልምበትን ቦታ በፕሮትራክተር ምልክት አድርጉ። ይህን አስቀድማችሁ በባዶ ውኃ አድርጉት። የሁለቱ ልዩነት ወደ 40 ዲግሪ ገደማ መሆን አለበት፤ ለአረንጓዴ ብርሃን የሱክሮስ ስፔሲፊክ ሮቴሽን ወደ 78 ከፍ ይላልና።

ከዚያ ያንኑ ሶሉሽን ሎሚ ጨምቃችሁበት ግማሽ ሰዓት ያህል ቀቅሉት። አሲዱ ሱክሮሱን ወደ ግሉኮስና ፍሩክቶስ ይሰብረዋል። ግሉኮስ ወደ ቀኝ 52.7 ያዞራል፤ ፍሩክቶስ ወደ ግራ 92። ፍሩክቶሱ ስለሚበልጥ ሁሉም ቢሰበር ንባቡ ዜሮን አልፎ ማይነስ ይሆናል። በቤት ሎሚ እዚያ ባይደርስም ሲወርድ ታዩታላችሁ። ቀዝቅዞ፣ የተነነውን ውኃ መልሳችሁ እስከ 300 ሚሊሊትር ሙሉትና አንብቡ። ተማሪዎቻችሁ ያገኙትን ዲግሪ ስትልኩልኝ የስኳሩን ግራም፣ የሶሉሽኑን ጥልቀት፣ የክፍሉን ሙቀትና የስክሪኑን ቀለም አብራችሁ ጻፉ።